የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባና በሳን ፍራንሲስኮ፦ ያልተቆጠረው ሞት ምን ያስተምረናል?



ኅዳር 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ነው። በዚያው ዕለት በአገር ቤት ከየግቢው ተጠርጎ የተከመረው ቆሻሻ ይቃጠላል፤ ከተማው በጭስ ይሸፈናል። «ኅዳር ሲታጠን» እንለዋለን። እዚህ ኦክላንድና ሳን ሆዜ የተወለዱ ልጆቻችን ለምን እንደሚታጠን ሲጠይቁን «ድሮ ክፉ በሽታ ገብቶ ነበር፤ እሱን ለማባረር ነው» ብለን እናልፋለን። መልሱ ልክ ነው፤ ግን እጅግ አጭር ነው። ያ በሽታ ከየት መጣ? በምን መንገድ ገባ? ስንት ሰው ገደለ? ዛሬ የምንኖርበትን የቤይ ኤሪያን ከተሞችስ በዚያው ወቅት ምን አደረጋቸው?

በነርስነት ሙያዬ የተላላፊ በሽታን መሠረታዊ ትምህርት የተማርሁት በውጭ አገር ነው። ትምህርቱ ግን ከራሳችን ታሪክ የራቀ አይደለም። እንዲያውም የወረርሽኝ ጥናት፣ ማለትም ኤፒዲሚዮሎጂ፣ የሚያስተምረውን ዋና ዋና ነገር ሁሉ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ውስጥ ማየት ይቻላል። በዚህ ዓመት እትም ይህን ታሪክ ለማቅረብ የፈለግሁት ለትዝታ ብቻ አይደለም። በየዓመቱ ለገናና ለጥምቀት ወደ አገር ቤት የምንጓዝ፣ ለወረዳችን ጤና ገንዘብ የምናዋጣ ሰዎች ስለሆንን፣ ታሪኩ እኛንም ይመለከታል።

በባቡር የገባ እንግዳ

የኅዳር በሽታ በዓለም ታሪክ «የስፔን ኢንፍሉዌንዛ» እየተባለ የሚጠራው ወረርሽኝ ነው። ስሙ ይሳሳታል እንጂ ከስፔን አልተነሣም። ስፔን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ገለልተኛ ስለነበረች ጋዜጦቿ ስለ በሽታው በነፃነት ጻፉ፤ የሚዋጉት አገሮች ግን ወሬውን ደበቁ። እኛ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ ያን ጊዜ የደበቁት መንግሥታት ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1918 እስከ 1920 በዓለም ዙሪያ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል።

ወደ ኢትዮጵያ እንዴት ገባ? ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ነው፤ ከወረርሽኙ በፊት ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት አይሞላም። ከዚያ በፊት ከባሕር ዳርቻ እስከ ሸዋ ደጋ ያለው መንገድ በቅሎና ግመል ለሳምንታት የሚጓዙበት ነበር። ኢንፍሉዌንዛ ግን ቸኳይ በሽታ ነው። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ምልክት ያሳያል። ስለዚህ ወደብ ላይ የታመመ ነጋዴ ከቅፍለቱ ጋር ቢነሣ በመንገድ ላይ ወይ ይድናል፣ ወይ ይሞታል፤ በሽታውም ብዙ ጊዜ አብሮት በረሃ ላይ ይቀራል። ባቡሩ 784 ኪሎ ሜትሩን በጥቂት ቀናት ሲያሳጥረው ግን ጤነኛ መስሎ የተሳፈረ ሰው አዲስ አበባ ሲደርስ ትኩሳቱ ሊጀምረው ይችላል። በሽታው በዚሁ መስመር እንደ ገባ ይታመናል።

ሳን ፍራንሲስኮም ከዚህ የተለየ ታሪክ የላትም። በከተማዋ የመጀመሪያ ተብሎ የተመዘገበው በሽተኛ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1918 መጨረሻ ገደማ ከቺካጎ የመጣ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን ሰውን ከቺካጎ ሳን ፍራንሲስኮ የሚያደርሰው ባቡር ነው። ሁለቱም ከተሞች የኮሩበት ሐዲድ በሽታውንም አሳፍሮ መጣ። የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፦ ተላላፊ በሽታ የራሱ እግር የለውም። የሚሄደው ሰው በሄደበት መንገድ፣ በሰው ፍጥነት ነው።

ሦስቱ የሰንሰለት ቀለበቶች

አንድ ተላላፊ በሽታ እንዲዛመት ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል። አንደኛው መነሻ ነው፦ ተሐዋሲውን የተሸከመ ሰው፣ እንስሳ ወይም የተበከለ ውሃ። ሁለተኛው መተላለፊያ መንገድ ነው፦ ትንፋሽ፣ እጅ፣ ምግብ፣ ውሃ፣ የወባ ትንኝ። ሦስተኛው ተጋላጭ ነው፦ በሽታውን ከዚህ በፊት ያልታመመ ወይም ያልተከተበ ሰው። ሦስቱ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ በሽታው ይቆማል። ሦስቱንም መበጠስ አያስፈልግም፤ የትኛው በቀላሉ እንደሚበጠስ ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «አንድ በሽተኛ ለስንት ሰው ያስተላልፋል?» የሚል ነው። ለ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ መልሱ ሁለት ገደማ ነው። ሁለት ሰው ትንሽ ይመስላል። አንድ ሰው ለሁለት፣ ሁለቱ ለአራት፣ አራቱ ለስምንት እያሉ ሲሄዱ ግን በአሥረኛው ዙር 1,024 አዲስ በሽተኞች ይኖራሉ። እያንዳንዱ ዙር ሦስት ቀን ቢፈጅ ይህ የአንድ ወር ሥራ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» የተባለው በአራተኛው ሳምንት ከተማ የሚያስተኛው በዚህ ስሌት ነው። ኩፍኝ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይብሳል፤ ክትባት በሌለበት ስፍራ አንድ በሽተኛ ከ12 እስከ 18 ለሚደርሱ ሰዎች ሊያስተላልፍ ይችላል።

በሽታው ለሁለት መተላለፉ ቀርቶ በአማካይ ከአንድ በታች ከሆነ ወረርሽኙ በራሱ ጊዜ ይከስማል። የጤና ባለሙያ ሥራ ሁሉ፣ ክትባቱም፣ እጅ መታጠቡም፣ በሽተኛን ለይቶ ማቆየቱም፣ ይህን ቁጥር ከአንድ በታች ለማውረድ የሚደረግ ትግል ነው።

ይህን ይዘን ወደ 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ እንመለስ። በሽታው ከሌላው ጊዜ ጉንፋን የተለየ ጠባይ ነበረው። ሽማግሌና ሕፃን ብቻ ሳይሆን ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው የጉልበት ዕድሜ ላይ ያሉትን ይጥል ነበር። ጊዜው መኸር የሚሰበሰብበት ወር ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ራሳቸው በጽኑ ታመው ነበር፤ ይህንኑም «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈውታል። በቤተ መንግሥት የገባ በሽታ በየጎጆው እንዴት እንደገባ መገመት አያዳግትም። ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እነሱንም በሽታው አልማራቸውም።

እንደ ነርስ ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ አንድ ነገር አለ። በዚያ ዘመን አንቲባዮቲክ የለም፤ የኦክስጅን ማሽን የለም። የሰውን ሕይወት ሊያተርፍ የሚችለው ተራ እንክብካቤ ነበር፦ ውሃ ማጠጣት፣ አጥሚት ማቅመስ፣ ማልበስ፣ ማገላበጥ። አንድ ቤተሰብ በሙሉ በአንድ ቀን ሲተኛ ግን ውሃ የሚያቀብል አይኖርም። ጎረቤትም ታሟል። ሊድን የሚችል ሰው ውሃ የሚያቀብለው አጥቶ ይሞታል። መቃብር የሚቆፍርና አስከሬን የሚሸኝ እስኪጠፋ ድረስ የለቅሶ ወጋችን ሁሉ ፈርሶ ነበር።

በኦክላንድም ችግሩ ይኸው ነበር፦ የሚያስታምም ሰው እጥረት። በሌክ ሜሪት አጠገብ የሚገኘው ትልቁ የከተማ አዳራሽ ጊዜያዊ ሆስፒታል ሆነ። ትርዒት በሚታይበት ወለል ላይ አልጋዎች ተደርድረው፣ የቀይ መስቀል ነርሶችና በጎ ፈቃደኞች አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ ሸፍነው ሲያስታምሙ የሚያሳየው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ በታሪክ መጻሕፍት ይታያል። ሕንፃው አሁንም ቆሟል። በዚያ የምታልፉ አባላት ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው።

ጭሱና ማስኩ

የአዲስ አበባ ሰው ለምን ቆሻሻ አቃጠለ? በሽታ ከተበከለ አየርና ከመጥፎ ሽታ ይመጣል የሚል እምነት ስለነበረ ነው። ይህ የእኛ ብቻ ሐሳብ አልነበረም፤ አውሮፓውያንም ለብዙ መቶ ዓመታት እንዲሁ ያምኑ ነበር። በ1918 የነበሩት የአሜሪካና የአውሮፓ ሐኪሞችም ቢሆኑ የኢንፍሉዌንዛን መንስኤ በትክክል አላወቁም። ብዙዎቹ ባክቴሪያ ነው ብለው ለዚያ ባክቴሪያ ክትባት ሠርተው ሰው ከትበዋል። እውነተኛው ምክንያት ቫይረስ መሆኑ ከሰው ተወስዶ የታወቀው በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ አባቶቻችንን «ጭስ ለበሽታ!» ብለን ልንስቅባቸው አይገባም። የበሽታው መነሻ ዓይን በማያየው ነገር በአየር ውስጥ እንደሚሄድ ገምተዋል፤ በዚህ ከእውነቱ አልራቁም። ያልደረሱበት፣ ያ ነገር ከቆሻሻው ክምር ሳይሆን ከሚያስለው ሰው ትንፋሽ መውጣቱን ነው። ቤትንና ደጅን ማጽዳቱ ለተቅማጥ፣ ለአይጥና ለዝንብ ጠቅሟል፤ ለኢንፍሉዌንዛ ሰንሰለት ግን ቀለበቱን አላገኘውም።

ሳን ፍራንሲስኮ በበኩሏ ማስክን መረጠች። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1918 ማብቂያ ላይ የከተማው አስተዳደር በአደባባይ ማስክ ማድረግን በሕግ ግዴታ አደረገ፤ ያላደረገ ተቀጣ። ትምህርት ቤትና ቲያትር ተዘጋ። ጦርነቱ ማብቃቱ ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ሲሰማ ሕዝቡ ማስኩን እንዳጠለቀ አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ። የበሽተኛው ቁጥር እየቀነሰ ሲሄድ ከተማው በቀጠሮ ማስኩን እንዲያወልቅ ተወሰነ። በተቀጠረው ዕለት ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ፊሽካ ሲነፋ ሰው ሁሉ ማስኩን አውልቆ መንገድ ላይ ጣለው። ዕለቱ በእነሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ነበር። በእኛ ስናሰላው ኅዳር 12 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው!

ደስታው ግን አልቆየም። በታኅሣሥ በሽታው እንደገና አገረሸ፤ በጥር ማስኩ ዳግመኛ በሕግ ታዘዘ። ያኔ ግን ሕዝቡ ሰልችቶታል። የማስክ ተቃዋሚዎች ማኅበር ተቋቁሞ ስብሰባ ጠራ፤ ትእዛዙም ብዙ ሳይቆይ ተነሣ። ወረርሽኝ የሚያልቀው ሰው ሲሰለቸው ሳይሆን የሚይዘው ተጋላጭ ሲያጣ ነው። ይህንንም በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በዓይናችን አይተነዋል።

ከስንት ስንት?

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ የወረርሽኝ ጥናት ልቡ እዚህ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ በዚያ ዓመት ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነዋሪ ነበራት። ወደ 45,000 የሚጠጋ በሽተኛ ተመዘገበ፤ ከ3,000 በላይ ሰው ሞተ። ከዚህ ሁለት የተለያየ ነገር እናሰላለን። ከጠቅላላው ነዋሪ ከ1,000 ሰው 6 ያህሉ ሞቷል። ከተመዘገቡት በሽተኞች ደግሞ ከ100 ሰው 7 ያህሉ ሞቷል። ሁለቱን ቁጥሮች ማምታታት ሰውን ያሳስታል፤ የመጀመሪያው ከተማዋ ምን ያህል እንደ ተጎዳች ይነግረናል፣ ሁለተኛው የታመመ ሰው ምን ያህል እንደሚሰጋ። ሁለተኛውም ቢሆን ይጋነናል፤ ቀላል ሕመም ይዟቸው ቤታቸው የተኙት አልተመዘገቡምና።

በአዲስ አበባስ? ራስ ተፈሪ በመጽሐፋቸው የሞተውን ሰው ከ10,000 በላይ ያደርሱታል። ከስንት ነዋሪ? የሕዝብ ቆጠራ አልተደረገም ነበር። ከተማዋ 100,000 ነዋሪ ነበራት ብንል እንኳ ከ10 ሰው አንዱ ሞቷል ማለት ነው። ይህ ሳን ፍራንሲስኮን ከመታው ከ15 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ያው ቫይረስ፣ በአንድ ወቅት፣ ሁለት ከተሞች። ልዩነቱን ያመጣው የሚያስታምም ሰው፣ ምግብ፣ ውሃና መጠለያ ነው።

ከአዲስ አበባ ውጭ ስላለው አገርስ ምን እናውቃለን? በየገጠሩ፣ በየአጥቢያው፣ በእኛም ወረዳ ስንት ሰው እንደ ሞተ የጻፈ የለም። የምናውቀው ከአያት ቅድመ አያት በወረደው ወሬ ብቻ ነው፦ «በኅዳር በሽታ ዘመን የሞተው»፣ «ከኅዳር በሽታ የተረፈችው»። ያልተጻፈ ሞት ከታሪክ ይጠፋል። ያልተቆጠረ በሽታም አይገታም፤ የት እንዳለ አይታወቅማ!

መቁጠር ሲጀመር

መቁጠር ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ የራሳችን ምስክር አለን፤ ፈንጣጣ ነው። በ1945 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር የሚልክ ነበር። በጥር 1963 ዓ.ም. የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በኢትዮጵያ ሲጀመር በእግርና በበቅሎ ደጋውን ቆላውን ከዞሩት መካከል ሳኒቴሪያኖች ይገኙበታል።

በአንዳንድ ቦታ፣ በተለይ በጎጃም፣ ሕዝቡ ክትባቱን አልቀበልም ብሎ ነበር። ምክንያቱ ድንቁርና አልነበረም። አገሩ የራሱ ከታቢዎች ነበሩት። ከበሽተኛ ቁስል መግል ወስደው የጤነኛውን ክንድ በጥተው ያስገቡ ነበር። ይህ የቆየ ጥበብ ብዙ ሰው አድኗል፤ ግን የሚሰጠው ሕያው ፈንጣጣ ስለነበረ አንዳንዴ አዲስ ወረርሽኝ ያስነሣ ነበር።

በዘመቻው የመጀመሪያ ዓመት ከ26,000 በላይ በሽተኛ ተቆጠረ። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን በሽታው በዚያ ዓመት አልጨመረም፤ መታየት ጀመረ እንጂ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አንድ ዓይነት ነው፦ በገበያና በትምህርት ቤት የበሽተኛ ፎቶ እያሳዩ «እንዲህ ያለ ሰው የት አይታችኋል?» ብሎ መጠየቅ፣ የተገኘውን በሽተኛ ለይቶ ማቆየት፣ ከእሱ ጋር ንክኪ ያላቸውንና በዙሪያው ያሉትን ሁሉ መክተብ። አገሩን በሙሉ መክተብ ሳያስፈልግ በእያንዳንዱ በሽተኛ ዙሪያ አጥር ይታጠራል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ በረሃ ዲሞ በምትባል መንደር ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ የዓለም የመጨረሻው በተፈጥሮ የተላለፈ ፈንጣጣ ሶማሊያ ውስጥ ተገኘ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ።

በቋንቋችን «ከተበ» ማለት መርፌ ወጋ ማለት ብቻ አይደለም፤ ጻፈ ማለትም ነው። ፈንጣጣን ያጠፉት ሁለቱም መክተቦች አንድ ላይ ሆነው ነው።

ዛሬ ባቡሩ እኛ ነን

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ በሽተኛ ተገኘ። መጋቢት 7 ቀን በአገር ቤት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በዚያው ዕለት እዚህ የቤይ ኤሪያ ካውንቲዎች ነዋሪው ከቤት እንዳይወጣ አዘዙ። ቆየት ብሎ በተደረገ ምርመራ ደግሞ በሳን ሆዜ ዙሪያ ባለችው በሳንታ ክላራ ካውንቲ ጥር 28 ቀን የሞተ ሰው ኮቪድ እንደነበረበት ታወቀ። ማንም ሳይቆጥረው በሽታው ከአንድ ወር በላይ በመካከላችን ይዘዋወር ነበር ማለት ነው።

በ1911 ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚወስደው ጊዜ ዛሬ ከሳን ፍራንሲስኮ ወረዳችን ከሚወስደው ይበልጣል። ከዚህ የተነሣ ሰው ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከእናቱ ጉያ ይደርሳል። ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ምልክት ሳያሳይ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ሊተላለፍ ይችላል። የምንጓዘው እዚህ የጉንፋን ወቅት በሚበረታበት በታኅሣሥና በጥር ነው። መጀመሪያ የምንስመው አረጋውያንን ነው፤ መጀመሪያ የምናቅፈው አራስ ልጅን ነው። ሰንሰለቱ ሳይጎድል ተሟልቷል፦ መነሻ፣ መተላለፊያ፣ ተጋላጭ። ስለዚህ ሦስት ነገር ለማኅበራችን አባላት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለጉዞ የምንዘጋጅ ሁሉ የዓመቱን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት እንውሰድ፤ ሰውነት መከላከያውን ለመሥራት ይህን ያህል ጊዜ ይፈልጋል። የራሳችንንና የልጆቻችንን የኩፍኝ ክትባት መዝገብ እንይ። ኩፍኝን ለመግታት ከ100 ልጅ 95 ያህሉ መከተብ አለበት፤ ያልተከተበ አንድ ልጅ የመንደር ልጆችን ሊያስታምም ይችላል። ወደ ቆላ የምትወርዱ ስለ ወባ መከላከያ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ትኩሳት ይዞት የደረሰ ሰው ደግሞ ዘመድ ቢቀየመውም ጥቂት ቀን ለብቻው ይረፍ። መሳሙ ይደርሳል።

ሁለተኛ፣ መዋጯችንን ስንመድብ ለቆጠራውም እናስብ። ሕንፃና ማሽን በፎቶግራፍ ያምራሉ፤ እኔም አልጠላቸውም። ነገር ግን በአገሪቱ ያሉት ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወረርሽኝ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያዩት ናቸው። በወረዳችን ያለችው እህታችን መዝገብ፣ የስልክ ካርድ፣ የዝናብ ጫማ፣ ለጤና ኬላዋም የእጅ መታጠቢያ ውሃ ካላት፣ የመጀመሪያውን በሽተኛ አይታ በዚያው ቀን ታስታውቃለች። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ከ10 በሽተኛ ላይ የተያዘ ወረርሽኝና ከ1,000 ላይ የተያዘ ወረርሽኝ ዋጋቸው አንድ አይደለም።

ሦስተኛ፣ በአገር ቤት ስትደርሱ አረጋውያንን ስለ ኅዳር በሽታ፣ ስለ ፈንጣጣና ስለ ወባው ዘመን ጠይቁና በስልካችሁ ቅዱ። እነሱ ባያዩትም ካዩት ሰምተዋል። በየአጥቢያው የተነገረው ሲሰበሰብ፣ ማንም ያልቆጠራቸው የወረዳችን ሙታን ቢያንስ በስም ይታወሳሉ። የተቀዳውን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ብታስረክቡ በሚቀጥለው ዓመት እትም እናወጣዋለን።

ኅዳር ሲታጠንም ግቢውን መጥረጉ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ መሥራቱ ይቀጥል፤ መልካም ወግ ነው። ፕላስቲክና ጎማ ማቃጠሉ ግን ይቅር፤ የዚያ ጭስ ሳንባ ያሳምማል እንጂ በሽታ አያባርርም።

ዘንድሮ ለገናና ለጥምቀት የምትሄዱ ሁሉ፣ በሰላም ደርሳችሁ በሰላም ተመለሱ።

ከአንዲት የማኅበሩ አባል፣ ነርስ፣ ኦክላንድ